ፍሪምፖንግ ከሩቅ የነዳው ጭነት መኪና

«የአጎቴን ሰባተኛ ቀን ልናስብ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሚኒባስ ተንገጫግጨን መጥተን፣ አንተ ሽንት ቤት ገብተህ ጭነት መኪና ትነዳለህ? አታፍርም? ዘመዱ ሁሉ ሆዱን አሞታል ብሎ እያዘነልህ ነው እኮ!»

የምትጮኸው ሴርዋ ናት፣ የፍሪምፖንግ ሚስት። የምትጮኸውም በወላጆቿ ግቢ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው። ባልየው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ፣ «ቀስ በይ፣ ቁልቁለት ላይ ነኝ» አላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። እኔ የነበርኩት ከዚያ የባሰ ቦታ ነው።

ፍሪምፖንግ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አሳምፔ ከተማ፣ ከኔ ልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት፣ ለቀብር የሚለጠፍ የሟች ፖስተር የሚሠራበት ሱቅ አለው። ጎረምሳ እያለ ጭነት መኪና ኋላ ላይ ጽሑፍ ይቀባ ነበር፤ «ምቀኛ ይድከም»፣ «እናቴ ታውቃለች»፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አሥራ ሁለት ዓመት የመኪና ቂጥ ሲያይ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ መሪው ጋ የሚያስቀምጠው ሰው አላገኘም። በኋላ ብሩሹን ጥሎ ወደ ፖስተር ገባ፤ ለፎቶ ሥራ ብሎም ጉልበተኛ ኮምፒውተር ገዛ። ደንበኞች የሟቻቸውን ፎቶ ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው እንዲያዩ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ወደ መስታወቱ አዞረው።

ኮምፒውተሩ ላይ የጭነት መኪና ጨዋታ ጫነበት። ቲማቲም ጭኖ ከስፔን ፖላንድ ያደርሳል። ፖሊስ አይይዘውም፣ ጉምሩክ አያስቆመውም። አንድ የወንድሙ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከሩቅ በስልክ የሚያዙበት ፕሮግራም አስገባለት። ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ምስሉ በኢንተርኔት ስልኩ ላይ ይመጣል፣ እሱ ስልኩን ሲነካ እዚያ ሱቅ ውስጥ መሪው ይዞራል። ከዚያ ወዲህ ፍሪምፖንግ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም፣ አማቶቹ ጋም ሆኖ መንገድ ላይ ነው።

ያን ሰሞን ናና፣ ማለት ባላባታችን፣ ወደ መንደር ሄደው ነበር። የሚባለው እንዲህ ነው፤ ናና ሞቱ አይባልም። የናና ግቢ ከበሮ መትቶ እስኪያስታውቅ ድረስ ሌላ ቃል የለም። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ በሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጥቁር ልብስ ታዝዣለሁ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ዓርብ ዕለት ኦቺያሜ ንቲያሞዋ፣ የናና ቃል አቀባይ፣ ፍሪምፖንግ ሱቅ ገብተው በሩን ዘጉ። የናናን ፎቶ ሰጡትና፣ «አዘጋጅ። አታትም፣ አታሳይ፣ አትናገር» አሉት። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም። በፊተኛው ናና ጊዜ አንድ ፀጉር አስተካካይ ሁለት ቀን ቀድሞ ነገሩ ከአፉ አመለጠው። ሱቁ ታሸገ፣ ሰውየውም ከከተማ እንዲወጣ ተደረገ፤ ዛሬ የት እንዳለ እናቱም አታውቅም። ፍሪምፖንግ ይህን ስለሚያውቅ ፖስተሩን ዓርብና ቅዳሜ በሩን ዘግቶ ሠራ። እሁድ ጠዋት ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ አማቶቹ ሄደ። ፖስተሩን ግን ኮምፒውተሩ ላይ አልዘጋውም። ከስሩ ትቶ፣ ጨዋታውን ከላይ ከፈተበት።

እሁድ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ኮምፒውተሩና ኢንተርኔቱ በባትሪ ይሠራሉ፣ ቴሌቪዥኑ አይሠራም። እኔ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዬ ጥቁር እሰፋለሁ። ጎረቤቴ ዱፊዬ ደጃፌ ላይ የምትሸጠውን ፕላንቴን፣ ያን ትልቅ ሙዝ፣ በከሰል ትጠብሳለች። ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ያ ቴሌቪዥን ለካ ማንም ሳይነካው ራሱ ይበራል።

«አንተ ሰፊ» አለች ዱፊዬ፣ «ፍሪምፖንግ አማቶቹ ጋ አልሄደም እንዴ?»

«ሄዷል።»

«ታዲያ መኪናውን ማነው የሚነዳው?»

ቀና ብዬ አየሁ። በተቆለፈ ባዶ ሱቅ ውስጥ ጭነት መኪና በበረዶ ላይ ይሄዳል። መሪው ብቻውን ይዞራል። የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን ይመላለሳል። ስለ ጨዋታው ባውቅም ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ልክ በዚያች ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሴርዋ ሽንት ቤቱን በርግዳ ገብታ ስልኩን ትነጥቃለች። አውራ ጣቷ ምን እንደነካ አታውቅም። መኪናው ጠፋ።

ናና መጡ።

ከወለል እስከ ጣሪያ። በወርቅ ተሸልመው፣ ዙሪያቸው ጥቁርና ቀይ፣ ከስር የተወለዱበት ዓመት፣ ከጎኑም ሌላኛው ዓመት። ቀጥ ብለው እኔን ያዩኛል። የዱፊዬ መቆንጠጫ ከእጇ ወደቀ። እኔ ሳላስበው ጫማዬን አውልቄያለሁ፤ ናና ፊት በጫማ አይቆምም።

ደወልኩለት። «ፍሪምፖንግ፣ ናና ሱቅህ ውስጥ ናቸው።»

«ቴሌቪዥኑ... በርቷል?»

«መንገዱን እየጎበኙ ነው።»

«አንተ ሰፊ፣ ስልኩን ዝጋ! አንተ ስታወራ ኢንተርኔቱ ይቆረጥብኛል!»

ዘጋሁ። ወዲያው በሴርዋ ስልክ ተመልሶ መጣ። በአንዱ ስልክ ያወራኛል፣ በሌላው ኮምፒውተሩን ሊያዝ ይሞክራል። ከሴርዋ ጋር የነበረው ጠብ የት እንደገባ እንጃ፤ እሷ ከኋላው «ጌታ ሆይ፣ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ» ስትል እሰማታለሁ።

«ምስሉ ስልኬ ላይ ደርቆ ቀርቷል» አለኝ። «አንተ ነህ ዓይኔ። አሁን ምን ይታይሃል?»

«ናና።»

«አሁንስ?»

«ናና። ተለቅ ብለዋል።»

«እንዴት ተለቅ?»

«አፍንጫቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ወይኔ ጉዴ! አሁንስ?»

«ተመልሰዋል። ግን ተዘቅዝቀዋል።»

አለቀሰ። እውነቴን ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁ። ናናን መዘቅዘቅ ደግሞ ምን እንደሚያስቀጣ እስካሁን ስለማናውቅ ነው፤ ከዚህ በፊት ያደረገው የለም።

«በሩን ስበር» አለኝ።

«ብረት ነው።»

«መብራቱን አጥፋው!»

«ቆጣሪህ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው።»

«መስታወቱን ሸፍነው እንግዲህ! ስንት ሰዓት ነው?»

ያኔ ነው የመጨረሻውን መዝሙር የሰማሁት። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያልፈው በዚያ መስታወት ፊት ነው።

የስፌት መኪናዬ ላይ ያለውን ጨርቅ ስቤ ሮጥኩ። መስታወቱ ላይ ወጥሬ ሁለቱን ጫፍ ፍርግርጉ ላይ ቋጠርኩት። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ዱፊዬ ስትጮህ ነው ወደ ኋላዬ የዞርኩት።

«አንተ አብደሃል? የሬሳ ፖስተር ቤቱን ጥቁር አለበስከው እኮ! አዋጁን አንተ ልትነግር ነው?»

አየሁት። እውነቷን ነው። ስድስት ሜትር ጥቁር፣ ቀይ ጥለት ያለው። ከናና ፎቶ ይልቅ እሱ ይጮሃል። በጥርሴ ሳይቀር ቋጠሮውን ፈታሁት። ጨርቁ ሲወርድ ናና ተገለጡ፤ አሁንም ተዘቅዝቀዋል። መንገዱ ጫፍ ላይ ነጭ የለበሱ ሴቶች ብቅ አሉ። ከፊታቸው በትራቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ኦቺያሜ ንቲያሞዋ።

«ፍሪምፖንግ፣ መጡ።»

«ማን?»

«ሁሉም። ከፊት ኦቺያሜ።»

«ባትሪዬ ሦስት በመቶ ነው የቀረው» አለ፤ ድምፁ ሞቷል። «የጨዋታውን ምልክት አይቼው ሳይሆን በግምት ነው የምነካው። ነክቼዋለሁ። ምን ይታያል?»

«ናና።»

«አሁንስ?»

«ናና።»

ዱፊዬ ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ መስታወቱ ፊት ቆመች። ዱፊዬ ትንሽ ሴት አይደለችም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከእሷም ይበልጣል። የናና ጫማ ከጭንቅላቷ በላይ ይታያል። ሰዎቹ ሃያ እርምጃ ቀራቸው። አሥር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ስገልጥ በረዶ ነው። መኪናው ይሄዳል። ሕዝቡ ቆመ። «ማነው የሚነዳው?» ይላል አንዱ። «ብቻውን ነው!» ይላል ሌላው። ሴቶቹ ያማትባሉ። ኦቺያሜ ወደ መስታወቱ ተጠግተው አዩ። ፍሪምፖንግ በጆሮዬ፣ «ቆመዋል? እየሄዱ ነው?» ይለኛል፤ ኦቺያሜ እንዳይሰሙት ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ባትሪው አለቀ መሰለኝ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄዶ አጥር ውስጥ ገባና ቆመ። መጥረጊያው ብቻ ቀረ፤ ወዲህ፣ ወዲያ።

ኦቺያሜ ዞረው የኔን ባዶ እግር አዩ። ከዚያ ጥቁር ጨርቄን አዩ። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ ሦስታችንም ወደ ናና ግቢ ተጠራን። ፍሪምፖንግ ሌሊቱን ተመልሶ ዕቃውን በሁለት ሻንጣ ሸክፎ፣ ሴርዋንና ልጆቹን መናኸሪያ አስቀምጦ ነው የመጣው። ጫማችንን አውልቀን ኦቺያሜና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምን።

«ትናንት እዚያ ሱቅ ውስጥ ምን አየሽ?» አሏት ኦቺያሜ ዱፊዬን።

ይህች ሴት የጎረቤት ድስት ውስጥ ያለውን ሳይቀር ለከተማው የምትናገር ናት። ፍሪምፖንግ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጭነት መኪና» አለች።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት መብራት አልነበረም፣ ኦቺያሜ።»

«ሰፊው፣ አንተስ?»

«ጨለማ ነበር» አልኩ። «በኋላ መኪና።»

«ጫማህን ለመኪናው ነው ያወለቅኸው?»

«እግሬ አብጦብኝ ነው፣ ኦቺያሜ።»

ኦቺያሜ ወደ ፍሪምፖንግ ዞሩ።

«ናና የት ናቸው?»

«ወደ መንደር ሄደዋል» አለ።

«ደህና ናቸው?»

«ትናንት ከነበሩበት ዛሬ... ቀና ብለዋል።»

ኦቺያሜ ትንሽ አዩትና ለጸሐፊው ምልክት ሰጡ። ቅጣቱ አንድ በግና ሁለት ጠርሙስ ጂን ሆነ። ሱቁ አልታሸገም፤ ከከተማም ውጣ ያለው የለም። ፍሪምፖንግ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጸሐፊው ደረሰኝ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳና ቆመ። «ምክንያቱን ምን ልበል?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሆነውን መጻፍ አይቻልም፤ የሆነ ነገር የለማ።

«እሁድ ቀን በከተማው ውስጥ ጭነት መኪና ስላሳለፈ፣ ብለህ ጻፍ» አሉ ኦቺያሜ።

ጻፈው፣ ማህተም አደረገበት። ፍሪምፖንግ ከሰዓት በኋላ በጉን እየጎተተ፣ ጠርሙሶቹን በብብቱ ይዞ መጣና ከፈለ።