ኮሶ የጠጣችበት እሑድ

ቅናቴን ልናገር። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበርሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የምትሠራ፣ አንድ ክፍል ቤትም ተጋርተን የምንኖር ከመራዊ የመጣች ልጅ ነበረች። እጇ ፈጣን፣ ሳቋ ፈጣን፤ አለቆች ሲጠሯት ድምፃቸው ይለሰልሳል። ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ስትሸለም አጨበጨብሁ፤ መዳፌ ግን አልሞቀም። ቀጥሎ ለሥልጠና ውጭ አገር እንድትሄድ ተመረጠች። ተጠባባቂዋ እኔ ነበርሁ። እሷ ከቀረች እኔ እሄዳለሁ።

የቀራት የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። የኮሶ ትል ከተገኘባት ወረቀቷ እንደማይፈረም ሰማች። ምርመራው ሰኞ ነው። እሑድ ማለዳ በባዶ ሆዷ የተፈጨ ኮሶ በጥብጣ ጠጣች፤ ያውም የሁለት ሰው። በላዩም ከፋርማሲ የገዛችውን ክኒን ደገመችበት።

«ምንም እንዳይቀር ብየ ነው» አለችኝ።

ኮሶ የጠጣ ሰው በር ይዘጋበታል። እንግዳ አይገባበትም፤ ደክሞ ቢውልም መድኃኒቱ እየሠራ ነው ይባላል። ዛሬ ቢሆን አንኳኩቼ፣ መልስ ካጣሁ ገፍቼ እገባለሁ። ያን ቀን ግን በሩን ገጠም አድርጌ ልብስ ላጥብ ወደ ጣና ወረድሁ። የእሷንም ሸሚዝ ይዤ ነበር። ለብሳው ከአውሮፕላን ስትወርድ እየታየኝ ኮሌታው እስኪሳሳ ፈተግሁት።

ስመለስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እሷ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፤ ማስመለሱ አልቆመላትም፣ ከንፈሯ ገርጥቷል።

«መጣሽ? በሩን ክፈችው እንጅ፣ ጨለመኝ» አለች።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼው ነበር።

«ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«በማርያም! ፋይሌ ላይ ይጽፉብኛል፣ እቀራለሁ። ኮሶ ነው፣ ይተወኛል።»

ተቀመጥሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ብወስዳት ትቀራለች፣ እኔ እሄዳለሁ፤ ልቤም ይኸንኑ ሲመኝ ከርሟል። ሰው ሁሉ «ቀንታ አስቀረቻት» ይለኛል፤ ቢልስ ዋሸ ልለው ነው? እናም ደግ ሰው ለመምሰል ብየ ዝም አልሁ። ውኃ አቀበልኋት፣ ላቧን ጠረግሁ፣ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ጠርቻት መልስ ባጣሁ ጊዜ ነው የጮህሁት።

የጎረቤታችን እናት ብቅ አሉ። «ኮሶ ጠጥታ የለም እንዴ ልጄ? ተያት፣ ያልፍላታል።»

«ዓይኗ አያይም እኮ እማማ! ይርዱኝ፣ እናንሳት!»

ተጋግዘን ጋሪ ላይ ጫንናት። የጠጣችበትን ኩባያና የክኒኑን ብልቃጥ በነጠላየ ቋጥሬ ያዝሁ።

ሐኪሙ ኩባያውን አሸተተ፣ ብልቃጡን አገላብጦ አየ። ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደጠጣች ጠየቀኝ። አንድም ሳልደብቅ ነገርሁት። ብዙ ከደከመባት በኋላ ወጥቶ፣ «ትተርፋለች፤ ዕቃውን ይዘሽ መምጣትሽ ረድቶናል» አለኝ። «ለዓይኗ ግን እንጃ። ማየት እንዳቃታት ወዲያው ብታመጫት ጥሩ ነበር።» ለምን እንደዘገየሁ አልጠየቀኝም።

ተረፈች። ግራ ዓይኗ ግን እንደ ጨለመ ቀረ።

እኔ ሄድሁ። ከፋብሪካው በር እስከ ገበያው የፈራሁት ሁሉ ተወራ፦ ቀንታ አስቀረቻት፣ ተንኮለኛ ናት፣ በጓደኛዋ ጉዳት ተጠቀመች። ባሕር ማዶ ሆኜም ወሬው ከጆሮየ አልጠፋም። እሷም እንዲሁ እንደምታስብ እርግጠኛ ነበርሁ፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር።

ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ቆማ ጠበቀችኝ። አንገቷን ወደ ግራ አዙራ በቀኝ ዓይኗ ከሰው መሀል ፈለገችኝ። አቀፈችኝ። ስለ ጉዞው፣ ስለ ሰው ወሬ አንድም አላነሣችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለችኝ ሻንጣየን እየተቀበለች። «ያን ቀን እምቢ ስልሽ ለምን ሰማሽኝ?»