አስዋን የደረሰው ጫማ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ከከፈተው ትንሽ ሱቅ ገብቼ ቴምር ስመርጥ ባለሱቁ አጠገቤ የከርከዴ ጆንያ ፈታ። ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ደረቅ ቀይ አበባ፣ ገና ውሃ ሳይነካው የሚሸተው ያ ኮምጣጣ፣ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ቴምሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሥራዬ ዜና ነው፤ ሰው የሞተበትን ቤት በር ማንኳኳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ በቀላሉም አልደነግጥም። ከርከዴ ግን ሁልጊዜ ግብፅ፣ አስዋን ይወስደኛል።

ያኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ዴንቨር መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር፤ እማዬ ሎውሪ የሚባል ሰፈር አጠገብ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር። የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ግብፅ እንሂድ ያለችው እማዬ ናት። እኔ የምመኘው ፒራሚድና ግመል ነበር፣ አባዬ ሙዚየሙን፤ እሷ ግን የምትሄደው ለታናሽ እህቷ ለሙሉ ነበር። ሙሉ ካይሮ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እማዬ ከአገር ከወጣች ጀምሮ አልተያዩም። ለእሷ ብላ ከአውሮራ የገበያ ማዕከል ነርሶች የሚያደርጉትን ዓይነት ነጭ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ ገዛች፤ ቀኑን ሙሉ እብነ በረድ ላይ ለሚቆም እግር ከዚህ የተሻለ የለም እያለች፣ ካርቶኑን ሻንጣ ውስጥ ይጨፈለቃል ብላ በእጇ ያዘችው።

ሙሉ ግን እኛ ከመነሳታችን በፊት ሞታ ነበር።

የሆነውን ኋላ አባዬን እየጠየቅኩ አጣርቻለሁ። የሙሉ ደባል ዘይነባ አባዬ ሥራ ቦታ ደወለች፤ ሙሉ በድንገት ታማ አርፋ እዚያው ካይሮ መቀበሯን ነገረችው። አባዬ በቀጥታ የሄደው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጋሽ በቀለ ነው። ጋሽ በቀለ የሰፈሩን ሰው ሁሉ መርዶ የሚያረዱ፣ ድምፃቸው ለዚያው የተፈጠረ የሚመስል ሽማግሌ ነበሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገደኛም አይረዳም፤ ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቷ፣ ወዳጅ ዘመድ ከቧት ነው። ችግሩ በረራው ከነገ ወዲያ መሆኑ ነበር፤ አገር ጥላ ልትወጣ ሻንጣ የዘጋችን ሴት ማን ያረዳታል፣ እዚያስ ማን ያስተዛዝናታል? ጋሽ በቀለ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ወሰኑ፦ «ትሂድ። አገር ትይ፣ ትንሽ ደስ ይበላት። ስትመለስ በወጉ እናረዳታለን።» አባዬም ተስማማ። ዛሬ ሲጠየቅ ልቤ አልጨከነም ይላል።

ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችን ዘይነባ ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሻሿን በየደቂቃው የምታስተካክል ልጅ። እማዬን እንዳቀፈቻት ማልቀስ ጀመረችና ማቆም አቃታት። እማዬ ጀርባዋን እየመታች ሳቀችባት፦ «አንቺ ልጅ፣ እኔን ሳታውቂ እንዲህ ከሆንሽ ሙሉማ ስታየኝ ልትሞት ነው።» ዘይነባ የአገሬ ሰው ናፍቆኝ ነው እትዬ አለች፤ ቀጥላም አባዬ በስልክ ያስጠናትን ተናገረች፤ የሙሉ ማዳም ቤተሰቧን ይዛ እስክንድርያ ባሕር ዳር ወርዳለች፣ ሙሉንም ወስዳታለች፣ ስልክ አታስይዛትም፣ ግን ትመጣለች።

ሙዚየሙ ውስጥ ሙቀቱና የሰው ብዛቱ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። የነገሥታቱ አስከሬን መስተዋት ስር ተዘርግቷል፤ ጥፍራቸው ሳይቀር ይታያል፣ አንዱ ፀጉሩ እንደ ሐር ክር ቀልቶ ቀርቷል። እኔ አፌን ከፍቼ በእንግሊዝኛ የእውነት ናቸው ወይ እያልኩ አባዬን ስነዘንዘው እማዬ የጫማውን ካርቶን በብብቷ ይዛ ከአንዱ ንጉሥ ራስጌ ቆመች። «ሺህ ዓመት የሞተው እንኳ እንግዳ ይቀበላል» አለች፤ «የኔዋ በቁሟ ጠፋችብኝ።» አባዬ ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ አልገባኝም፤ ግን ሳቀ። ጊዛ፣ ፒራሚዶቹ ጋ፣ ግመል ላይ ስትቀመጥም ካርቶኑን አልለቀቀችም፤ ባለግመሉ ልያዝልሽ ቢላት ለእህቴ ነው ብላ በአማርኛ ስትመልስለት የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ሉክሶር በባቡር ስንሄድ አባዬ ሙሉ እዚያ ትቀላቀለናለች ብሎ ነገራት። ቤተ መቅደሱን፣ ወደ ላይ ሲያዩት አንገት የሚቆለምመውን አምድ ሁሉ በጥድፊያ አሳለፈችው፤ ቶሎ ተመልሳ ሆቴሉ ደጃፍ ወንበር ስባ በሚመጣው ታክሲ ሁሉ ብድግ ትላለች። አባዬ ልደውል ብሎ ወጣ። ፔፕሲ ልገዛ ተከትዬው ብሄድ የስልኩን እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ቁጥር ሳይመታ፣ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ፔፕሲዬን ገዛሁ። ተመልሶ ማዳሟ አልፈቀደችም አለ። አስዋን ግን ትደርሳለች አለ።

አስዋን ከሁሉም ቦታ ያምራል። ወንዙ ጥቋቁር ድንጋዮቹን እየዞረ ይሄዳል፣ ማዶው አሸዋ ነው፣ የጀልባው ነጭ ሸራ ነፋስ ሲሞላው እንደተሰጣ አንሶላ ይጮሃል። ጀልበኛው ከርከዴ በብርጭቆ አደለን። እማዬ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ወንዙን እያየች ተናገረች።

«እኔ ባሕር አቋርጬ መጣሁላት፣ እሷ ማዳሟን መረጠች። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም። ብትሞትም እንዳትነግሩኝ።»

አባዬ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። ከርከዴሽን ጠጪ፣ እየሞቀብሽ ነው አላት። እሷም ጠጣች።

ቤታችን ማንም በጫማ አይገባም ነበር። ደጃፉ ላይ ያወልቃል፣ ክረምት ከበጋ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፤ ጋሽ በቀለም በሌላው ጊዜ እየተነፈሱ ጎንበስ ብለው ክራቸውን ይፈቱ ነበር። ከግብፅ ከተመለስን በኋላ በነበረው እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና ጎረቤት ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሁሉም በጫማቸው ገቡ። እማዬ ፊታቸውን አላየችም፤ እግራቸውን ነው ያየችው።

«መቼ?» አለች።

ጋሽ በቀለ ስለ እግዜር ሥራ ጀመሩ። መቼ ነው ያልኩዎት አለቻቸው። ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመው አባዬ ሳንሄድ በፊት ብሎ መለሰ። ሴቶቹ ዋይታቸውን ለቀቁት፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

«ጀልባው ላይ ያልኩትን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

ከቁም ሳጥኑ ካርቶኑን አወጣች፤ የሙሉን ጫማ አደረገች፤ በሰዎቹ መሃል አልፋ ወጣች። ጫማው ጠቧት ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሐዘንተኛ በሌለበት ቤት ለንፍሮው በርበሬና ጨው እየተቀባበለ ተቀምጦ ዋለ፤ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩና ብሎኩን ስትዞር፣ ስትርቅ፣ ደግሞ ስታልፍ አየኋት። ሊመሽ ሲል ስትገባ የነጩ ጫማ ተረከዝ በደም ቀልቶ ነበር። አጥባ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

ዓመታት አልፈው የአባዬ እናት አዲስ አበባ ሲያርፉ ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ወዲያው ሆቴሉ ደወለች፤ አባዬ የእንግዳ መኪና ቁልፍ እንደያዘ አነጋገራት። «እናትህ ሞተዋል። እኔ አሁን ሰማሁ፣ አንተም አሁን ሰማህ» ብላ ዘጋች። ጋሽ በቀለ ሰው በሰው ላይ እንዲህ አይጨክንም ብለው ሊቆጧት መጡ። እሷ ሻይ እየቀዳችላቸው፣ እኔ መርዶውን አላስቀመጥኩበትም አለች፤ ስኳር ስንት እንደሚያደርጉም ጠየቀቻቸው።

እማዬና አባዬ ዛሬም እዚያው ቤት አሉ። አብረው ይበላሉ፣ መድኃኒት ያስታውሳታል፣ ታስታውሰዋለች። የግብፅ ፎቶዎች አንድ ኤንቨሎፕ ውስጥ ናቸው፤ በሁሉም እማዬ ትስቃለች፣ አባዬ ከጎኗ ቆሞ ካሜራውን ሳይሆን እሷን ያያል። የሙሉ አንድ ፎቶ አለን፣ ስሟን ግን እማዬ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ የሞተችን ሰው ይቅርታ አይጠይቋትም፣ በሕይወት ያለችውን እማዬን ለመጠየቅም ጊዜው አልፏል። እህቷን በሞት ማጣቷ አይቀሬ ነበር። ጀልባው ላይ ያጣቻት ግን እኛ ይዘናት ሄደን ነው።

ቅዳሜ ከርከዴውን ሳልገዛ ወጣሁ። እሑድ ማለዳ ወደ ሥራ ሳልፍ ቤታቸው ጎራ አልኩ። እማዬ በሩን እንደከፈተች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ ዓይኗን ወደ እግሬ ጣለች። እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ ደህና አደርሽ ከማለቴ በፊት፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።