ይመር ያቃጠለው ተራራ አበበ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ወልድያ

አከራዬ በር ስትከፍትልኝ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ተራራ ላይ አበባ ለማየት» አልኳት። «የግቢው አልበቃህም?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ መስከረም ነውና አደይ አበባ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል። እኔን የሳበኝ ግን ግራና ከምትባለው ከተማ በላይ ያለው ተራራ ነው። በመጋቢት ሲነድ ጭሱን ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። አሁን ቢጫ ለብሷል ሲሉኝ አላመንኩም። ማየት ማመን ነው ብዬ ተነሳሁ።

ሚኒባሱ «ሞልቷል» ከተባለ በኋላ አራት ሰው ጨመረ። ከከተማ የወጣሁት የማን እንደሆነ ያላወቅሁትን ዘንቢል ታቅፌ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው የሰው ቁመት አልፏል፤ ጤፉ ገና ለጋ ነው።

1 ሰዓት ተኩል፣ መርሳ

የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ወደ ተራራው የሚወስደኝ ባጃጅ ስፈልግ ሰይድ የሚባል ሹፌር አገኘሁ።

«እኔም ዛሬ እዚያው ነኝ፤ ይግቡ ጋሼ። ብቻ ዳገቱ ከከበደን ወርደው ይገፋሉ።»

እየተንገጫገጭን የሚሄድበትን ምክንያት ነገረኝ። ያን እሳት ያስነሳው አጎቱ ይመር ነው። ማር ሊቆርጥ ወጥቶ፣ ንቡን የሚያባርርበት የሚጨስ ኩበት ከእጁ ወደቀ። ሣሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ ሁለት ቀን ነደደ። ይመር ማንም ሳይጠይቀው ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «እኔ ነኝ» አለ። እነሱም ክረምቱን ሙሉ ተራራውን ከከብት እንዲጠብቅ፣ እስኪያብብም ቀፎ እንዳይሰቅል ፈረዱበት። ዛሬ አይተው ይወስናሉ።

«ባይፈቅዱስ?»

«አገሩን ጥዬ እሄዳለሁ ብሏል። ወላሂ፣ ያለ ንብ መኖር አያውቅበትም።»

3 ሰዓት፣ ከግራና በላይ

ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ። ሲነዳ ደግሞ ገደሉን ላለማየት ዓይኔን ሰይድ ማጅራት ላይ ተከልኩ። የመጨረሻውን ኩርባ ስንዞር ግን ፍርሃቴን ረሳሁት። ተራራው እስከ አናቱ ቢጫ ነው። ከአደዩ ሥር ማገጥ የሚሉት ሣር ሐምራዊ አበባውን አውጥቷል፤ ከከሰሉት ጉቶዎች አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ልሮጥበት ዳዳኝ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይመር ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ተራራው አብቧል፣ አልሃምዱሊላህ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «እኛ ፈቅደናል። አራት ቀፎ ከነንቡ የተቃጠለባቸው ግን እትዬ ዘይነባ ናቸው። እሳቸው ካልተዉ እኛም አንተውም።»

እትዬ ዘይነባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አበባው መሐል ገብተው አጎነበሱ፣ ማገጡ ላይ ያረፈች ንብ አዩ፣ ጥቂት ሄደው ደግሞ አጎነበሱ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለ ይመር።

«የንቦቼ ጩኸት እስተዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ» አሉት። ይመር አንገቱን ደፋ። «አውፍ ብያለሁ። ቀፎህን ግን የምትሰቅለው ከደጄ ወይራ ላይ ነው። ማር ስትቆርጥም ጭሱን የምይዘው እኔ ነኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ይመር አለቀሰ። ዱአ ሲደረግ እኔም አሜን አልኩ።

7 ሰዓት፣ የእትዬ ዘይነባ ደጅ

ባዶ ቀፎ ንብ እንዲስብ በቅጠል ይታጠናል። ይመር ፍሙን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እትዬ ዘይነባ አነሱት፣ ቀፎውን አጠኑ፣ ፍሙንም ውኃ ቸልሰው አጠፉት። ይመርና ሰይድ ቀፎውን ወይራው ላይ ሰቀሉ። ይመር ንብ ሲገባ ለማየት ሥሩ ልቀመጥ አለ።

«ሂድ ቤትህ» አሉት እትዬ ዘይነባ በርጩማቸውን እየሳቡ። «ክረምቱን ሙሉ አልተኛህም። ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ።»

9 ሰዓት፣ ግራና

ይመር ባጃጁ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ገና ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሰይድ በመስታወቱ አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞረ ነዳ። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። ልንቀሰቅሰው አልደፈርንም።