ስም የሌለበት ካርድ

ተማሪዎቹ «እትዬ ጸጥታ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው «ዝም በሉ» ማለት ስለሚያበዙ ነው እንጂ እሳቸው ራሳቸው ዝም ብለው አያውቁም። መጽሐፍ ሲያውሱ ያወራሉ፣ አቧራ ሲያራግፉ ያወራሉ፣ የሚያናግሩት ሰው ሲያጡ ደግሞ ከመሰላሉ ጋር ይጨቃጨቃሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ትንሽ ቢለፈልፍ አይፈረድበትም።

የሚኮሩበት ነገር ቢኖር የውሰት ካርዳቸው ነው። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ የወረቀት ኪስ ተለጥፏል፣ ኪሱ ውስጥ ካርድ አለ። መጽሐፉ ሲወጣ ካርዱ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ ሲመለስ ወደ ኪሱ ይገባል። ካርዱ ላይ መጽሐፉን የወሰደ ተማሪ ሁሉ ስምና ክፍሉ በእትዬ ጸጥታ የእጅ ጽሕፈት ተደርድሯል። ጽሕፈታቸው ደግሞ ያምራል፤ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ያነበዋል።

የሰዓት ሠሪው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። በእረፍት ሰዓት እየመጣች የተቀደዱ መጻሕፍት በማጣበቅ ታግዛቸዋለች። ሙጫ እየቀባች ነው አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ትንሽ እያለች የነገረቻቸው፦ መምህር «ተነሺና አንብቢ» ሲላት ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ይደርሳል፣ እጇ በላብ ይጠመቃል፣ ፊደሉ ይጠፋባታል። እትዬ ጸጥታ ያን ጊዜ ብቻ አልለፈለፉም። ከላይኛው መደርደሪያ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ አውርደው ፊቷ አስቀመጡላት። በልጅነት ስለሚያስቸግር ጭንቀት የተጻፈች ናት። ልጅቷ መጽሐፏን ሦስት ጊዜ ወሰደቻት። እትዬ ጸጥታም ስሟን ሦስት ጊዜ ጻፉ። አሳምረው።

ከዚያ አንድ ቀን «ረጅሙ» የሚባለው ልጅ የሚስቅበት ነገር ፍለጋ መደርደሪያውን ሲያገላብጥ ያቺን ሰማያዊ መጽሐፍ አገኘ። ካርዷን ከኪሷ መዝዞ የልጅቷን ስምና ክፍል ጮክ ብሎ አነበበ። «ሦስት ጊዜ ተጨንቃለች!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጸጥታ ተቆጡ፣ ሳቁም ቆመ፣ ግን ልጅቷ ሙጫውን ክፍት ትታ ወጥታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየኮሪደሩ «ጭንቀት መጣች» ይሏት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ ቀረች፣ በሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ።

ልጅቷ ስትቀር እትዬ ጸጥታ ረጅሙን ልጅ ለሁለት ቀን በሆዳቸው ረገሙት። በሦስተኛው ቀን ካርዱን ሲያዩት ንዴታቸው ወደ ራሳቸው ዞረ። ልጁ ያነበበው የእሳቸውን ጽሕፈት ነው። ባያሳምሩት ኖሮ ልጁ ሲንተባተብ ደወል ይደወል ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ የግድግዳ ሰዓት አራት ዓመት ሙሉ አሥር ደቂቃ ወደኋላ ሲቀር ማንም ደንታ አልነበረውም። በማግስቱ እትዬ ጸጥታ አውርደው በጋዜጣ ጠቀለሉትና ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ይዘውት ሄዱ። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም፤ ከኋላው መጋረጃ ተጋርዷል። ሰዓት ሠሪው ከየት እንደመጡ ሲሰማ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አነሳ።

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው? ሆዴን ካለች ሳምንት ሊሞላት ነው። ሐኪሙ ደህና ናት ይላል። ከመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍትም በኋላ እንዲህ ከሆነች አስወጥቻት እዚሁ እኔን እያገዘች ትቀመጣለች። ምን ላድርግ?»

ነገሩ ሁሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ፣ ፍርሃቷ፣ ሳቁ። አባት ነው፣ ቢያውቅ ምን ይለዋል? ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ሲጢጥ አለ። እትዬ ጸጥታ የጀመሩትን ቃል ዋጡት።

«እሷ ምንም አላጠፋችም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ብቻ የተነገረኝን ነገር ሰው በሚያነበው ቦታ ጻፍኩት። ምን እንደሆነ ግን ለእርስዎም አልነግርዎትም፤ መንገር ካለባት እሷ ናት። እስከ ዕረፍቱ መጨረሻ ብቻ ይታገሱኝ።»

ሰዓት ሠሪው ግራ ገባው፣ ግን እሺ አለ።

ዳይሬክተሩ እንደ ሰዓት ሠሪው ቀላል ሰው አልነበረም። እዚሁ ትምህርት ቤት ተምሮ እዚሁ አለቃ የሆነ፣ ሥርዓት የሚወድ ወጣት ነው። እትዬ ጸጥታ ከእንግዲህ ካርዱ ላይ ስም እንደማይጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር እንደሚሰጥ፣ የቁጥሩ ዝርዝር ተቆልፎበት ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ እንደሚውል ነገሩት።

«እትዬ፣ ስንት ዓመት የሠራ ነገር ምን ሆነ ብለው ነው? መጽሐፍ ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ። ፈርሜ እሰጣለሁ።»

«ለአንድ ልጅ ቀልድ ብለን ሥርዓት አናፈርስም።»

«የድሮው ካርድ ሁሉ እዚያው ነው ያለው» አሉ እትዬ ጸጥታ ተረጋግተው። «የእርስዎም ስም አለበት። ሦስት መጽሐፍ ላይ።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የትኞቹ ላይ?»

«ጸሐፊዋ ባለችበት ላምጣቸው?»

«አያስፈልግም» አለና የፈቃድ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ፈረመ። ይህች ትንሽ ተንኮል ለእትዬ ጸጥታ የምትፈቀድላቸው ናት።

የዕረፍቱ ሦስት ሳምንት በካርድ አለቀ። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ካርድ ላይ ያሉትን ስሞች በጥቁር ቀለም ማጥፋት ነበረባቸው። የቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ከካርዱ ሥር ጠፋ። ጣታቸው ደርቆ መዳፋቸውን መዘርጋት አቃታቸው፣ ግን አላቆሙም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ አዘኑላቸውና ብሩሽ ይዘው ተቀመጡ። አሥር ካርድ ያህል እንደሠሩ ቆም አሉ።

«ይቺ የፋርማሲው ልጅ ይሄን መጽሐፍ አራት ጊዜ ወስዳዋለች። ምን ሆና ይሆን?»

እትዬ ጸጥታ ብሩሹን ከእጃቸው ነጠቁ። «አየህ? ሩብ ሰዓት አልሞላህም።»

«አሁን እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም። ሂድና ገበያ ደርሰህ ና።»

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው የተጠገነውን ሰዓት ሊወስዱ ሄዱ። ለልጅቷ የሚደርስ የታሸገ ፖስታም ለአባቷ ሰጡ። ሰዓት ሠሪው ፖስታውን ወደ ብርሃን ሊያነሳው ብሎ ተወው። «የእኔ ሥራ መክፈት ነው» አለ፤ «ይሄን ግን አልከፍትም።»

ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። እትዬ ጸጥታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ተማሪ ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ረጅሙ ልጅ ገባ። መደርደሪያዎቹን ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ያቺን ሰማያዊ መጽሐፍ በደብተር ሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ቁጥር ብቻ ነው አይደል የሚጻፈው?» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«ቁጥር ብቻ ነው» አሉና ሰማንያ ስምንት ብለው ጻፉ። አልሳቁም፣ የተገረሙም አልመሰሉም። ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ካርዱን መልሰው መልሰው አዩት። መጽሐፏን ሲቀበል የልጁ እጅ በላብ ረጥቦ ነበር።

በማግስቱ የሰዓት ሠሪው ልጅ መጣች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ቦርሳዋን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«አባዬ ዛሬን ብቻ ሞክሪው ብሎኝ ነው» አለች። ቀጥታ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ሰማያዊው የለም።»

«ተወስዷል።»

«ማን ወሰደው?»

እትዬ ጸጥታ ቀና አሉ። አንድ ስም ቢናገሩ የልጅቷ እፍረት እዚያው ያልቅ ነበር። ትስቅ ነበር፣ ምናልባትም አንገቷን ቀና አድርጋ ኮሪደሩን ታቋርጠው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት የመለፍለፍ ዘመናቸው እንዲህ ሊናገሩት የጓጉለት ቃል አልገጠማቸውም። ካርዱን አዙረው አሳዩዋት።

«ሰማንያ ስምንት።»

«ሰማንያ ስምንት ማነው?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ እኔ ማንንም አላውቅም።»

«ለእኔ እንኳ አይነግሩኝም?»

«ላንቺ እንኳ። ስላንቺም ለማንም።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ከጎን ኪሱ ያን ፖስታ አወጣች። እስካሁን አልተከፈተም ነበር። ጠርዙን ቀደደችና ወረቀቱ ላይ የተጻፈላትን ቁጥር አነበበች።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች። «ሲመለስ ለእኔ ያስቀምጡልኝ። እስከዚያ በየቀኑ እየመጣሁ እጠይቃለሁ።»

እትዬ ጸጥታ ቁጥሩን ጻፉ። አሳምረው።