ለአባቴ የመረጥኩት ሄድሴት

አባቴ አይሰማም ስል ጨርሶ ደንቁሯል ማለቴ አይደለም። ጆሮው ሥር ተጠግቶ የጮኸለትን ሰው ይሰማል። አጠና ተራ ጀርባ ወፍጮ ቤት ከፍቶ የጉልምስና ዕድሜውን ሁሉ ሞተር አጠገብ ቆሞ ነው የጨረሰው። እኛን በርበሬና ጤፍ እየፈጨ አስተማረን፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ልክ ጆሮውን ሲፈጭ ኖረ። እሱ ግን ጆሮዬ ደከመ ብሎ አያውቅም። እንደ እሱ አባባል የደከመው የሰዉ ድምፅ ነው፤ የዘንድሮ ሰው ቁርስ አይበላም መሰለኝ ይላል። ሐኪሙ ያዘዘለትን የጆሮ መሣሪያ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት አድርጎት ሄደና ሲያፏጭበት ዋለ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው። ወፍጮውን ወንድሜ ተረክቦታል። አባቴ ሲናገር ይጮሃል። ጨው አቀብዪኝ ሲል ግቢው በሙሉ ይሰማል፤ ጎረቤቶቻችን ምሳችን ምን እንደሆነ፣ ሆዱን ምን እንዳለው፣ እኔ ስንት ሰዓት እንደገባሁ የሚያውቁት ከእሱ ነው። ከሥራ ደክሜ ስመለስ ያ ድምፅ በር ላይ ይቀበለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን መኪናዬን ካቆምኩ በኋላ ቶሎ አልወርድም ነበር።

ቤተሰቡ ውስጥ አንድ መጥፎ ልማድም ነበረን። እሱ ፊት ስለ እሱ እናወራለን። እሁድ እሁድ ወንድሜና ሚስቱ ሲመጡ፣ አባቴ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ግትርነቱ፣ ወደፊት ከማን ጋር እንደሚሆን ድምፃችንን ሳንቀንስ እንነጋገራለን። ወንድሜ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" እያለ ይስቃል። አባቴ ቀና ብሎ ስለ ምን እንደምናወራ ሲጠይቅ፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ መብራት መጥፋት ነው ብሎ ይጮህለታል። እሱም ስለ መብራቱ የሚመስለውን ከልቡ ይነግረናል። እኛ እርስ በርስ እየተያየን እንስቃለን።

እኔ አውሮፕላን ማብረር የተማርኩት ለእንጀራ አይደለም። የምሠራው የመለዋወጫ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ማብረሩ የራሴ እብደት ነው። አየር መንገድ የምትቀጠሪው መቼ ነው ለሚለኝ ሰው፣ አይ፣ ለራሴ ነው የምበረው ብሎ መመለስ እኛ ሰፈር ቀላል አይደለም። ጥጋብ ነው ይባላል። ለምን ብሎ ያልጠየቀኝ አባቴ ብቻ ነው። ዕድር ላይ ብድግ ብሎ፣ ልጄ አውሮፕላን ትነዳለች ብሎ በዚያ ድምፁ መናገሩን የሰማ ሁሉ እየመጣ ነግሮኛል። የአብራሪነት ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ይዤው እንድወጣና፣ እዚያ ላይ ሆኜ የማወራውን በጆሮው እንዲሰማ።

ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ጫጫታውን አያውቀውም። ሞተሩ አፍንጫ ሥር ነው ያለው፤ ያለ ሄድሴት አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም። ሄድሴቱ የሞተሩን ጩኸት ያፍናል፣ አንዱ አፉ አጠገብ ባለችው ማይክ የተናገረውን ደግሞ ለሌሎቹ ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ ያደርስላቸዋል። ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴ ምድር ላይ ያልሰማኝን ሰማይ ላይ ሊሰማኝ ይችላል። ካልሰማኝ ግን፣ የለመነኝ አንድ ነገር ባዶ ይቀራል።

የተማርኩበት የበረራ ትምህርት ቤት ለተሳፋሪ የሚያውሳቸው ሄድሴቶች ያረጁ ናቸው። ጭንቅላትን እንደ ጉጠት ይይዛሉ፤ የጆሮ ትራሳቸውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አባቴ ደግሞ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። የመነጽሩ ክንድ ትራሱ ሥር ሲገባ ጆሮ ግንድን ይወጋል፤ በከፈተው ቀዳዳም ጫጫታው ይገባል። ስለዚህ ጩኸቱን በባትሪ የሚያጠፋ፣ ቀለል ያለ፣ ትራሱ የሚለሰልስ መፈለግ ጀመርኩ። እንደኔ ለራሳቸው የሚያበሩ ጓደኞቼን እየለመንኩ የየራሳቸውን አዋሱኝ።

አስቸጋሪው ግን ዕቃው አልነበረም፤ አባቴ ነው። ይመችሃል ወይ ተብሎ አይመቸኝም ያለበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ ጠባብ ጫማ ገዝተንለት፣ ደህና ነው እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲያነክስ ከርሟል። ሰው ለፍቶ ያመጣውን አይመችም ማለት እሱ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት፤ ጫጫታ ከተፈለገ ከዚያ የበለጠ የት ይገኛል። በርበሬ ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች አባቴ ሄድሴት አድርጎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይተው፣ አባባ ዲጄ ሆኑ እንዴ እያሉ ሳቁ፤ እሱ ምን እንዳሉት ስላላወቀ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። እኔ ከቃሉ ይልቅ ቆዳውን ነበር የማምነው። እያንዳንዱን ሄድሴት አቆይቼ ሳወልቅለት ጆሮ ግንዱ ላይ የቀረውን ምልክት አያለሁ። አንዱ ቀይ ቦይ ትቶበት ነበር። ሌላው እየተንሸራተተ አንገቱ ላይ ይወርዳል። አንደኛው ክብደቱ በሙሉ አናቱ ላይ ስላረፈ አንገቱን ደፍቶ ነው የተቀመጠው። እሱንም ደህና ነው አለኝ።

በመጨረሻ የመረጥኩት ቆዳው ላይ ምንም ምልክት ያልተወውን ነው። ዓይነቱን ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣሁት። ክንዱ የሳሳ መነጽርም አሠራሁለት። ሄድሴቱ የየጆሮውን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምር ቁልፍ አለው፤ የወፍጮው ሞተር ሁልጊዜ በቀኙ ስለነበረ ቀኝ ጆሮው ብሶበታል፣ ቀኙን እስከ ጫፍ ከፈትኩለት። ያን ቀን ጥሩ ልጅ መሆኔን ራሴ ለራሴ መሰከርኩ። ወንድሜንም በልቤ ታዘብኩት።

የበረርነው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ማረፊያ ነው፣ በጠዋት። አባቴ ሠርግ ሲጠራ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። የትምህርት ቤቱ ደንብ ስለሆነ አሰልጣኜ ከጎኔ ተቀመጠ፤ በዕድሜ የማንሰው ሳይሆን የምበልጠው፣ ጨዋ ሰው ነው። አባቴን ከኋላችን አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩለት፣ ሄድሴቱን አስተካከልኩለት፣ ማይኳን ከንፈሩ አጠገብ አደረግኩለት። ሞተሩን አስነስቼ፣ እንደ ልማዴ እየጮህኩ፣ "አባዬ፣ ይሰማሃል?" አልኩት።

"ይሰማኛል ልጄ። ለምን ትጮሂያለሽ?" አለኝ።

ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። ለካ የራሱንም ድምፅ ጆሮው ውስጥ እየሰማው ነው። ልጅ ሳለሁ የማውቀው፣ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ ያልጠየቅኩት ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ፤ አሰልጣኙ እንዳያየኝ መለኪያዎቹን የማነብ መሰልኩ።

ከተነሳን በኋላ ሁሉም መልካም ነበር። ከተማዋ በሩቁ ቆርቆሮዋ ሲያብለጨልጭ፣ አባቴ ወፍጮ ቤቱ ያለበት ኮልፌ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። በግምት ያ ነው አልኩት፤ እሱም አመነኝ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ረሳሁት። ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። እንዲሰማኝ ብዬ ያን ያህል የለፋሁት እኔ፣ ከኋላዬ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጊዜ የእሁድ ምሳ ላይ ያለሁ መሰለኝ። አሰልጣኜ፣ አባትሽ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው አለና ከማን ጋር እንደሚኖሩ ጠየቀኝ።

"ከእኔ ጋር ነው፤ ምን ላድርግ?" አልኩት። "የወንድሜ ሚስት አልችልም አለች፣ እኔ ላይ ወደቀ። ሲጮህ ነው የሚውለው። እያፈርኩ ሰው ቤት መጥራት ሁሉ ትቻለሁ። ዛሬም ያመጣሁት አንዴ ካየው ይተወኛል ብዬ ነው።"

የመጨረሻው እውነት እንኳ አልነበረም። ሰው እንዲያዝንልኝ ፈልጌ የጨመርኩት ነው። አሰልጣኙ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኔ ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የምመልስበት መንገድ አልነበረም። ያ ተጨንቄ የመረጥኩት ዕቃ ጩኸቱን ሁሉ አጥፍቶ ቃሌን አንድ በአንድ አድርሶለታል፤ ምናልባት አልሰማም ይሆናል ብዬ የምጽናናበት ነገር አልተወልኝም።

"ልጄ" አለ አባቴ ከኋላ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። "እኔ እጮሃለሁ እንዴ?"

ቢቆጣኝ በወደድኩ። የጠየቀኝ ግን ከልቡ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የነገረው ሰው የለም። እኛ እርስ በርሳችን ተሳሳቅንበት እንጂ፣ አንዳችንም አጠገቡ ቁጭ ብለን አልነገርነውም። "አይ አባዬ" አልኩት። ሌላ ነገር ልጨምር ስል የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ በሬዲዮ ጠሩን፤ አሰልጣኙ በእኔ ፋንታ መለሰላቸው። ውሸቴን ሳላርም አረፍን።

አባቴ ከወረደ በኋላ አሰልጣኙን መረቀው። የሄድሴቱን ገመድ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። መኪና ውስጥ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ግን እሱን ምድር ላይ ይቅርታ መጠየቅ የሚቻለው በጩኸት ነው። ዓለም ባንክ መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመናል፤ በግራም በቀኝም ሰው የጫኑ ሚኒባሶች አሉ። እዚያ መሃል ይቅር በለኝ ብዬ ልጩህ? አፈርኩና ተውኩት። ማፈሬ ደግሞ ከተናገርኩት የባሰ አሳፈረኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አይጮህም። ራሱን ስለማይሰማ ልኩን አያውቀውም፤ እንዳያበዛ እየሰጋ ድምፁን ጨርሶ አወረደው። ወንድሜ በቀጣዩ እሁድ፣ አባዬ ጸባዩ ተሻሻለ አለ፣ እዚያው ፊቱ። ዝም በል አልኩት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም፣ አፈርኩ። የጆሮ መሣሪያውን ከመሳቢያው ሳወጣው ባትሪው ቀልጦ ተጣብቆበታል። ለአንድ ጠዋት በረራ የለፋሁትን ሩቡን እንኳ ለቤታችን ለፍቼ አላውቅም። አሁን ሌላ ሐኪም ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ስነግረው፣ በማይሰማ ድምፅ አላስቸግርሽ ያለኝ መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት የዕድሩ ዳኛ ቤት ድረስ መጡ። አባቴ ከስብሰባ መቅረት ጀምሯል፤ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ታመው ነው ወይ ብለው በር ላይ ጠየቁኝ። አልታመመም አልኳቸው።

"እሳቸው ከሌሉ ስብሰባችን ቀዘቀዘ" አሉኝ። "እንደሳቸው ከኋላ ለተቀመጠው የሚሰማ ድምፅ ያለው ማን አለ? ደግሞ ከልጃቸው ጋር ሰማይ ወጥተው መጡ ሲባል ሰምተናል። ለማንም ያወሩት ነገር የለም። መጥተው እንዲነግሩን እየጠበቅናቸው ነው።"

ሸኝቻቸው ገባሁ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በግራ ጆሮው በኩል ተንበርክኬ፣ የዕድሩ ሰዎች ስለ በረራው እንድትነግራቸው ይፈልጋሉ ብዬ ጮህኩለት። ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም። ጮክ ብለህ ድገምልኝ ለማለት አፍ አጣሁ።