ወደ ጓዳ የገባው የስፌት መኪና

ዙሁር ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ታናሽ እህቴ ከአሰላ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ «አባ የስፌት መኪናቸውን ሸጡ» አለችኝ። መርዶ የሰማሁ ያህል ሆነብኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቅ ተከራይተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በቤታችን የፊት ክፍል ነው። እኔ ጅግጅጋ በሒሳብ ሥራ ስለምተዳደር መዝገባቸውን በስልክ አግዛቸዋለሁ። ለዚያ ክፍል የሚያወጡት የመብራትና የእድሳት ወጪ ግብራቸው ሲሰላ እንዲቀነስላቸው ያመልክቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሐላል ነው ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። ቤቱን በሙሉ ሳይሆን የሚሠሩበትን ክፍል ብቻ እስከጻፉ ድረስ ሐላል ነው አልኳቸው። ክፍሉን አይተው የሚያረጋግጡ ሁለት የግብር ሠራተኞች ሊመጡ መሆኑን ስሰማ ደግሞ፣ አፌን በቆረጠው፣ እህቴን «እንግዳ ናቸውና ቤቱን አሰናጂ» አልኳት።

በእኛ ሰፈር ቤት ማሰናዳት ምን ማለት እንደሆነ እያወቅሁ። ጎረቤት ተጠራራ። መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጨርቁ ሁሉ ጓዳ ገባ፤ ቁርጥራጩ ተጠርጎ ምንጣፍ ተነጠፈ። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ እንግዶቹ በር ላይ ደርሰዋል። ሳይበሉማ ጉዳይ አይነሳም ተብሎ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ቀረበ። ከበሉ በኋላ አባቴ የምሠራበት ክፍል ይኸው ነው ሲሉ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ዙሪያውን አይቶ ሳቀ።

«እዚህ ሠርግ ይደገሳል እንጂ ሱሪ አይሰፋም። በዚህ ዕድሜዎ መዋሸት አይከብድዎትም?»

ሌላ ሰው ቢሆን ጓዳውን ከፍቶ ያሳይ ነበር። አባቴ ግን የእንግዶቹን እጅ አስታጥበው ሸኟቸው።

ከዚያ ወዲያ መርፌ አልነኩም። ውሸታም በተባልኩበት ክፍል ምን እሰፋለሁ አሉ አለችኝ እህቴ። ስደውል ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፤ ወደዚያ ጉዳይ ስጠጋ መስመሩ ይቆራረጣል ይሉኛል። መስመሩ ደህና ነው።

መኪናውን ተሸክማችሁ ጓዳ ያስገባችሁ ጎረቤቶቼ፣ እንደ እኔው ለደግ ብላችሁ ነውና አልወቅሳችሁም። ግብሩ ያለ ቅናሽ ተከፍሏል፤ እሱን ተዉት። ግን ያንን ወጣት ፈልጉትና ዕቃውን ያነሳነው እኛ ነን፣ ሽማግሌው አልዋሹም በሉት። ከዚያ እባካችሁ ይዛችሁት ወደ አባቴ ሂዱ፤ በሕይወት ሳሉ፣ ከራሱ አፍ ይስሙት።