የሦስት መቶ አይጦች ድርሻ

የክፍሉን ሙቀት አንብቦ መጻፍ። ሠላሳውን ሳጥን መቁጠር። የሞተ ካለ ማሳወቅ። ውኃ መቀየር። የረጠበውን ሰጋቱራ ጠርጎ ደረቅ መተካት። እያንዳንዱን አይጥ መመዘን። ለሦስተኛው ረድፍ የቅጠሉን ዱቄት በክብደቱ ልክ ለክቶ፣ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት። እጅ መታጠብ። መፈረም።

ይህን የመሰለ ሥራ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ሳያጓድል የፈጸመውን ሰው፣ በምርምር ተቋሙ ግቢ «የአይጥ ሹም» ይሉት ነበር። ዘበኞቹ በር ላይ ሲያገኙት፣ «ሹሜ፣ ሕዝቡ እንዴት አደረ?» ይሉታል። እሱም ፈገግ ሳይል፣ «ጠግቦ አድሯል፤ እንደ እናንተ አያጉረመርምም» ብሎ ያልፋል።

በዚያ ዓመት የተያዘው ጥናት አይጦቹን በሦስት ረድፍ የከፈለ ነበር። የመጀመሪያው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሁለተኛው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይወጋል። ሦስተኛው አስቀድሞ የአንድ መራራ ቅጠል ዱቄት ሲጠጣ ይሰነብትና ያንኑ ባክቴሪያ ይወጋል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ማይክሮስኮፑን ወደ እሱ አዞረችለት።

«ይዩት አባባ። ይህ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው። ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነት ይዋጋል፤ ከውጊያው የሚፈናጠረው ፍም ግን የገዛ ዕጢውን ይለበልበዋል። የሁለተኛው ረድፍ እንዲህ ፈራርሷል። የሦስተኛው ብዙም አልተጎዳም። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲዳንቶች ፍሙን ሳያቃጥል አዳፍነውታል።»

ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል ብዙ ቆየ። በመነጽሩ ውስጥ የሚስቱን አንገት ያየ መሰለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ የጉሮሮ ሕመም ነው ብለው የናቁት ነገር ወደ ዕጢዋ ዘልቆ መግል ቋጠረ። ሐኪሞች ነፍሷን አተረፉ፤ ዕጢዋን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በባዶ ሆዷ የዕጢዋን ሥራ የምትተካ አንዲት ክኒን ትውጣለች። ቀድሞ አንደበቷ ምላጭ፣ እጇ መብረቅ ነበር። የስፌት መኪናዋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ስድቧ ደግሞ ከመኪናው ማዶ። እሱ ጫማውን እስኪያስር በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተ ዔሊ! አይጦቹ በእርጅና ሳይሞቱ ድረስላቸው!» ትለው ነበር። አሁን አንድ እጅጌ ለመጥለፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። በሞቃት ቀን ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ሊናፍቅ እንደሚችል እሱ የተማረው በእሷ ነው።

በማግሥቱ ከጎረቤት ነጋዴ የእህል ሚዛን ተውሶ መጣ።

«ውጪበት።»

«ምን ልትሠራ?»

«ውጪ አልኩሽ እኮ።»

ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ስልሳ ኪሎ።

«እንደ አይጥ መዘንከኝ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?» አለች ቀስ ብላ።

«ለአይጦቹ ታደላለህ ስትዪ አልነበር? ይኸው እኩል አደረግኋችሁ።»

የሚያውቀው ልኬት አንድ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ግራም ለሚመዝን አይጥ አርባ ሚሊግራም ዱቄት፤ ስልሳ ኪሎ ለምትመዝን ሚስት አሥራ ሁለት ግራም። ስሌቱ አልተሳሳተም። አንዲት ሚስት የሦስት መቶ አይጦች ድርሻ ደረሳት።

ከአይጦቹ ክፍል አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ እንኳ አውጥቶ የማያውቀው ሰው፣ ለሁለተኛው ዙር ከተቀመጠው ጠርሙስ በየቀኑ አሥራ ሁለት ግራም በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይወስድ ጀመር። በማለዳ ከክኒኗ ጋር በጥብጦ ይሰጣታል።

«ይህ እኮ ሬት ነው!»

«መድኃኒት ነው፤ ጠጪ።»

«የመረረ ሁሉ መድኃኒት ቢሆን፣ እናትህ ሐኪም ቤት በከፈቱ ነበር።»

ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። የድሮዋ ሴት ብቅ ያለች መስሎት፣ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ሥር ቆሞ የስፌት መኪናውን ድምፅ ያዳምጥ ጀመር። መኪናው ግን ከቀን ወደ ቀን ይባስ ዝም አለ። ሃያ አንድ ቀን ጠጥታ በሃያ ሁለተኛው ማለዳ ፊቷ አብጦ ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሐኪሙ፣ «ክኒኑን ከምን ጋር ነው የምትወስደው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባልየው አልዋሸም። ዱቄቱ ክኒኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደሟ እንዳይገባ ሳያግድባት እንዳልቀረ ሐኪሙ ነገረው። እሱም ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄደ።

«ዶክተር፣ ሰርቄዎታለሁ» አለና ሁሉንም ዘረዘረላት።

ዶክተሯ የጎደለውን ጠርሙስ አየች፤ ከዚያም እሱን።

«አባባ፣ ሰው ትልቅ አይጥ አይደለም። በዚያ ላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ቅጠሉን የጠጣው መቼ ነበር?»

«ከባክቴሪያው በፊት። ያጠጣሁትም እኔው ነኝ።» ባርኔጣውን በእጁ ጨመደደው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ዶክተሯ የሆነውን በመዝገቡ ላይ ጻፈች። «ሁለተኛው ዙር ሊጀመር አንድ ወር ቀርቶታል። ከዚያው ዛፍ ቀጥፈው፣ በጥላ አድርቀው፣ በዚያው ወንፊት ነፍተው ይመልሳሉ። አንዲት ግራም አትጎድልም። የዱቄቱ ሣጥን ቁልፍ ግን ከእኔ ጋር ይቆያል።»

ሚስቱ ክኒኗን ለብቻው መዋጥ ስትጀምር እብጠቱ ጎደለ፤ እሷም ወደ ነበረችበት ዝግታ ተመለሰች፤ ከዚያ አላለፈችም። እሱ ቅጠሉን በከረጢት ያመጣል፤ ሁለቱ መስኮት ሥር ተቀምጠው ከግንጣዩ ይለያሉ። እሱ አሥር ሲለቅም እሷ ሦስት ትለቅማለች።

«ድሮ ቢሆን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ነበር የምጨርሰው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ትናፍቅሃለች፣ አይደል?»

እሷ አንድ ቅጠል ቀጠፈች፤ ሌላም ቀጠፈች።

«እኔንም ትናፍቀኛለች» አለችው። «ግን አትመጣም። አንተም ደረጃው ሥር መቆሙን ተው፤ ብርዱ ይይዝሃል።»

እሱ አንገቱን ደፍቶ መልቀሙን ቀጠለ። ዓይኑ ግን እንባ ስላቀረረ ግንጣዩን ከቅጠሉ መለየት አቃተው።

በወሩ መጨረሻ ዱቄቱን ይዞ ሄደ። ዶክተሯ ራሷ መዘነችው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ግራም ሆነ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።